የቀለበቱን ስም ከመግዛት በፊት፦ ስለ ማጥመጃ ዘንግ ቀለበቶች ለተጻፈው ጽሑፍ ከኮምቦልቻ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ዓሣ ማጥመድ የሚወዱ ወዳጆቼ አንድ ጽሑፍ ሲቀባበሉ ሰንብተው ለእኔም አደረሱኝ። ጸሐፊው የማጥመጃ ዘንግ የሚገዛ ሰው ከሁሉ በፊት ማየት ያለበት ክሩ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች፣ በተለይም ቀለበቶቹ የተሠሩበትን ነገር ነው ይላሉ። ይህን ካሉ በኋላ ስድስት ነጥብ ይደረድራሉ። ሲሊከን ካርባይድ ከሚባለው እጅግ ጠጣር ሴራሚክ ያልተሠራ ቀለበት ክር ይበላል፤ ሴራሚክ ያልገባበት ባዶ የብረት ቀለበት ቆሻሻ ነው፤ ሴራሚክ አንዴ ከተገዛ ዕድሜ ልክ ነው፤ ዓሣ ሲሮጥ በተራ ቀለበት ላይ ክሩ ይቀልጣል፤ ቀለበቱን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው እግር ታይታኒየም ካልሆነ ይዝጋል፤ ቀለበቱ በበዛ ቁጥር ዘንጉ ይሻላል። ጽሑፉ የሚያበቃው አንባቢውን በመጠየቅ ነው፦ እርስዎ የያዙት ዘንግ ምን ዓይነት ነው?

ለጥያቄው መልስ አለኝ፤ እርሱን ግን ለመጨረሻ ላቆየው።

እኔ ኮምቦልቻ በአንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ቶርኖ ላይ እሠራለሁ። የተወለድኩት ደሴ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ወጥቼ ጉሙ ውስጥ እገባለሁ፤ እናቴ ዘንድ አድራለሁ፤ እሑድ ገና ሳይነጋ ዘንጌን ይዤ ወደ ሐይቅ ከተማ የሚሄድ ሚኒባስ እሳፈራለሁ። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደሴ ብርድ ወደ ሎጎ ሐይቅ ዳር ሲወረድ ጃኬት ይወልቃል። እዚያ የሚኖሩት አጥማጆች እንጀራቸው መረብ ነው፤ ዘንግ ይዞ ከዳር የሚገተረው እንደ እኔ ያለ የእሑድ ሰው ብቻ ነው። በዘንጌም ይስቁብኛል። ስለዚህ እንደ ታላቅ አጥማጅ ልናገር አልችልም፤ የምናገረው ብረትና ድንጋይ ሲፋተጉ እያየ የሚውል ሰው ሆኜ ነው።

ከመቃወሜ በፊት የሚገባቸውን ልስጣቸው። ስለ ዘንግ ቀለበት በአማርኛ የተጻፈ ነገር ሳነብ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሰው ዘንግ ሲመርጥ በአየር ላይ ያወዛውዛል፣ ጫፉን ወደ ጣሪያ ገፋ አድርጎ ያጎብጣል፣ ቀለሙን ያደንቃል፤ ወደ ቀለበቱ የሚያጎነብስ ግን የለም። ጸሐፊው ወደ ቀለበቱ አጎንብሱ ማለታቸው ትክክል ነው። ከሁሉም ቶሎ የሚጎዳው የጫፉ ቀለበት መሆኑን መጻፋቸውም እውነት ነው፤ ክሩ አብዝቶ የሚታጠፈው እዚያ ላይ ነውና። አለመግባባታችን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ሲሊከን ካርባይድ ያልሆነ ሁሉ ክር ይበላል ከሚለው ልጀምር። ከቶርኖዬ አጠገብ ያለው መሳያ ሞተር ላይ ሁለት ክብ ድንጋዮች ተገጥመዋል። ግራጫው አሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው፤ ብረት እንስልበታለን። አረንጓዴው ሲሊከን ካርባይድ ነው፤ ብረት የሚቆርጠውን ጠንካራ የካርባይድ ጥርስ የምንስለው በእርሱ ነው። ተራ የሚባለው የሴራሚክ ቀለበት ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ ነውና፣ ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች ሲያወዳድራቸው የዋለው እነዚሁኑ ሁለቱን ነው። አረንጓዴው ድንጋይ ላይ የናይለን ክር ቢያስነኩት ዓይን ሳይርገበገብ ይበጠሳል፤ ግራጫው ላይም ያው ነው። ያው ሲሊከን ካርባይድ ግን በደቃቁ ተፈጭቶ፣ በከፍተኛ እሳት ተጋግሮ፣ በአልማዝ ዱቄት ተወልውሎ ቀለበት ሲሆን ክሩ ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ያልፍበታል። ታዲያ ክር የሚበላው ምኑ ነው? የላዩ ሻካራነት ነዋ! በደንብ የተወለወለ አሉሚኒየም ኦክሳይድ በችኮላ ከተወለወለ ሲሊከን ካርባይድ ይልቅ ለክር የተመቸ ነው።

ሲሊከን ካርባይድ ይበልጥ ጠጣር መሆኑን አልክድም። አንዱ ማዕድን ሌላውን የመጫር አቅሙ ከ1 እስከ 10 በሚለካበት የሞስ ደረጃ አልማዝ 10 ነው፣ አሉሚኒየም ኦክሳይድ 9 ነው፣ ሲሊከን ካርባይድ ከ9 ትንሽ አለፍ ይላል። ክር ላይ ተጣብቆ ከሚመጣው አሸዋ ውስጥ ክፉው ኳርትዝ ነው፤ እርሱም 7 ነው። ሁለቱም ቀለበቶች ከአሸዋው በላይ ናቸው። ሰባተኛ ክፍል ላለ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ያለውም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለውም ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ሁለቱንም አይደፍርም።

እዚሁ ነጥብ ውስጥ ጸሐፊው ጣል አድርገዋት ያለፉት ነገር ግን ኪስ የሚያራቁት ነው። ሲሊከን ካርባይድን በምን እንለየዋለን ለሚለው፣ ጥቁር ሆኖ የሚያብረቀርቅ ነው ይላሉ። ንጹሕ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ነጭ ነው፤ በሥራ ላይ ቀለም ሲጨመርበት ግራጫም፣ አረንጓዴም፣ ጥቁርም ይሆናል። ጥቁር አሉሚኒየም ኦክሳይድ ተወልውሎ ሲያብረቀርቅ በዓይን የሚለየው ሰው ካለ ወርክሾፓችን ይምጣና ሥራ እንስጠው። ሱቅ ውስጥ በመጫር መለየትም አይቻልም፤ ሁለቱም መስተዋት ይጭራሉ፣ ሁለቱም ቢላዋ ይጭራሉ። ዋስትናው የአምራቹ ስም ብቻ ነው። ለምሳሌ ሲሊከን ካርባይድ ቀለበትን ከ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያስለመደው የጃፓኑ ፉጂ፣ ሃርድሎይና አልኮናይት የሚላቸውን ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ ወገን የሆኑ ቀለበቶችም ይሠራል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለይቶ ይነግራል። ስም በሌለው ዘንግ ላይ ተለጥፎ የሚመጣ ሲሊከን ካርባይድ የሚል ጽሑፍ ግን ከወረቀቱ ዋጋ አይበልጥም። እኛ አካባቢ እጃችን የሚገባው ዘንግ ደግሞ አብዛኛው ስም የሌለው ነው፤ ወይ ዘመድ ከዓረብ አገር ያመጣዋል፣ ወይ ከአዲስ አበባ ከሌላ ዕቃ ጋር ተደባልቆ ይመጣል።

ወደ ሁለተኛው። ባዶ የብረት ቀለበት ቆሻሻ ነው የሚለውን ሳነብ ሙያዬ ተቆጣ። ከአንድ ሽቦ ተጠምዝዞ በክሮም የተለበጠ ቀለበት ውስጡ የሚሰነጠቅ ነገር የለውም፣ ተነቅሎ የሚወድቅ ነገር የለውም፣ ቀላል ነው። በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች፣ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ትራውት ፍለጋ የሚመጡት ዓይነት፣ ዘንጎቻቸው እጅግ ውድ ናቸው፤ የአብዛኞቹ ቀለበት ግን እንደ እባብ የተጣመመ ባዶ ሽቦ ነው። ቆሻሻ ቢሆን ኖሮ ያንን ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ ማን ይይዘው ነበር?

ጸሐፊውን እዚህ ያሳታቸው ምን እንደሆነ እገምታለሁ። ከጥቃቅን ጭረቶች ተጎነጉኖ የሚሠራውን አዲሱን ክር ይዘው በብረት ቀለበት አጥምደው ይሆናል። ጉንጉን ክር ፖሊኤትሊን ነው፤ በጉንጉኑ መካከል ውሃና ደቃቅ አሸዋ ይዞ ይመለሳል። ያ አሸዋ በአንድ መስመር ላይ ሺህ ጊዜ ሲመላለስ ስስ የሆነውን የክሮም ልባጥ ይጨርሰዋል። ክሮሙ ካለቀ በኋላ ከሥሩ ያለው ብረት ለስላሳ ስለሆነ ቦይ ይወጣለታል፤ ቦዩ ጠርዝ አለው፤ ጠርዙ ክሩን ይልጣል። በዚህ ከእርሳቸው ጋር ነኝ። ጉንጉን ክር የሚጠቀም ሰው ሴራሚክ ይግዛ። አንድ ወጥ ናይለን የሚጠቀም ሰው ግን፣ እኛ ሐይቅ ዳር ሁላችንም የምንጠቀመው እርሱን ነው፣ የብረት ቀለበት ለብዙ ዓመት ያገለግለዋል። ጽሑፉ ውስጥ ስለ ክር ዓይነት አንድ ቃል አለመኖሩ ይገርመኛል። ቀለበትን ከክሩ ነጥሎ ማወዳደር ምጣድን ከእሳቱ ነጥሎ እንደ ማወዳደር ነው።

ሦስተኛው፣ ሴራሚክ ዕድሜ ልክ ነው የሚለው፣ ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያደረገኝ ነው፤ ስለዚህ ታገሡኝ።

ባለፈው ጥቅምት ነው። የአክስቴ ልጅ ከዓረብ አገር ሲመጣ ያመጣልኝ ዘንግ አለ፦ 2.1 ሜትር፣ ሁለት ቦታ የሚከፈል፣ ቀለበቶቹ ውስጥ ጥቁር ሴራሚክ የገባባቸው። በሦስት እሑድ አራት ጊዜ ክር ተበጠሰብኝ። ትልቅ አምባዛ ቢሆን እንኳ ባልከፋኝ፤ ቆሮሶ ነው፣ ከአንድ ሳህን የማይተርፍ ቆሮሶ! መንጠቆውንም፣ እርሳሱንም፣ ቡሹንም ይዞ እብስ ይላል። መረባቸውን የሚያራግፉ አንድ አዛውንት አራተኛውን ጊዜ አይተው፣ «ልጄ፣ ዛሬም ዓሣ ስትቀልብ ዋልክ» አሉኝ።

«ክሩ ነው አባቴ፣ የበሰበሰ ክር ሸጠውልኝ ነው» አልኳቸው።

እሳቸው ምንም አላሉም። እኔ ግን ያልኩትን አምኜ ደሴ እንደገባሁ ክሩን ወደ ገዛሁበት ሱቅ ሄድኩና ባለሱቁ ላይ ጮኽኩ። ሰውየው ሳይመልስልኝ ከዚያው ጥቅልል አንድ ክንድ ያህል ቆርጦ ሁለት እጁ ላይ ጠመጠመና ሳበው። መዳፉ ላይ ቀይ መስመር ወጣ፤ ክሩ አልተበጠሰም። ይቅርታ ሳልጠይቅ ወጣሁ። እስካሁን ያሳፍረኛል።

ማታ እናቴ እንዝርቷን ይዛ ተቀምጣ ነበር። ነገሩን ስነግራት ዘንጉን እንዳመጣ አዘዘችኝና ከመሶቧ አንዲት ቁራጭ ባዘቶ አንስታ ሰጠችኝ። «እስቲ በየቀለበቱ አሳልፈው። እንዝርቴ ስንጥር ሲያወጣ የሚነግረኝ እርሱ ነው።» ባዘቶውን በጣቶቼ አቅጥኜ ከእጀታው በኩል ጀመርኩ። አንደኛው አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ እስከ ስድስተኛው ድረስ እንደ ጢስ ሾለከ። የጫፉ ቀለበት ጋ ስደርስ ሦስት አራት የጥጥ ጭረት ተቀንጥሶ ቀረ። አዙሬ ደገምኩት፤ ያው ቦታ ላይ ያዘ። ሰኞ ወርክሾፕ ወስጄ በአጉሊ መነጽር ሳየው ከውስጠኛው ጠርዝ እስከ ውጨኛው ድረስ ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበረው። ክረምት ላይ መናኸሪያ ውስጥ ከሚኒባሱ ጭነት ላይ በጫፉ ቆሞ ሲወድቅ ትዝ አለኝ። ያኔ አንስቼ አይቼው ነበር፤ ደኅና መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ ያ ቀለበት በክር አልተበላም። አንድም ቦይ የለውም፣ መወልወሉም እንዳለ ነው። ጸሐፊው ስለ መበላት የጻፉት ሁሉ ለእርሱ ይሠራል። ብቻ ተሰንጥቋል። ጀበናም እኮ ዕድሜ ልክ ነው፤ እስኪወድቅ። ብረት ሲጎዳ ቀስ ብሎ ነው፤ ቦዩ በጣት ጥፍር ይታወቃል። ሴራሚክ ግን በአንድ ቀን ይሰነጠቃል፣ ለዓይን ጤነኛ መስሎ ይኖራል፣ ክር ሲበጥስም የሚታማው ክሩ ነው። ሲሊከን ካርባይድም ከዚህ አያመልጥም፤ ጠጣርነት ከመሰንጠቅ አያድንም። ከሴራሚኮቹ መካከል ስብራትን የተሻለ የሚቋቋመው ዚርኮኒያ ነው፤ እርሱ ደግሞ ከባድ ነው፣ ሙቀትም አያስተላልፍም። ሁሉን የያዘ ድንጋይ አልተገኘም።

ድንጋይ ካልን አይቀር፣ ድሮ በአውሮፓ ውድ ዘንጎች ላይ የሚገባው ቀለበት ከአጌት ይቀረጽ ነበር። አጌት የኳርትዝ ዘመድ ነው፤ ያማረ፣ ለክር የተመቸ፣ ሲወድቅ ግን የሚሰነጠቅ። ይህን ለአንድ የደላንታ ልጅ ነግሬው፣ ታዲያ ለምን በእኛ ኦፓል አንሠራም አለኝ። ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የወገል ጤና ኦፓል ዓለምን ዞሯልና ሐሳቡ አልከፋም። ነገር ግን ኦፓል በሞስ ደረጃ ከ5.5 እስከ 6.5 ነው፤ አሸዋው ራሱ ይጭረዋል። የወሎ ኦፓል ደግሞ ውሃ ይጠጣል፤ ሲረጥብ መልኩ ይለወጣል። ለጣት ቀለበት ይሁን።

አራተኛው ነጥብ ስለ ሙቀት ነው። ጸሐፊው ዓሣ ክሩን ይዞ ሲሮጥ ሰበቃው ያግላል፣ ከሲሊከን ካርባይድ ሌላ ያለ ቀለበት ሙቀቱን እንደ ሸክላ ይዞ ያቆየዋል፣ ክሩም ይቀልጣል ይላሉ። የክሮቹን ነገር ካነሣን ናይለን የሚቀልጠው በ220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ጉንጉን ክር ግን በ145 አካባቢ ስለሚቀልጥ ሙቀትን መፍራት ያለበት እርሱ ነው። ሙቀት ማስተላለፍን በተመለከተ ሲሊከን ካርባይድ ከሁሉ እንደሚበልጥ እውነት ነው፤ ከማይዝግ ብረት ብዙ እጥፍ ያስተላልፋል። ነገር ግን አሉሚኒየም ኦክሳይድም ከማይዝግ ብረት በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። ሸክላ ሁሉ አንድ አይደለም።

ዋናው ጥያቄ ግን ስንት ሙቀት ይወጣል ነው። ግምት እንሥራ። ክሩ የሚጠቀለልበትን የሪሉን ፍሬን 2 ኪሎ ላይ አጥብቄዋለሁ እንበል፤ ይህ 20 ኒውተን ያህል ጉልበት ነው። ቆሮሶዬ በሰከንድ አንድ ሜትር ክር ይስባል። ከጉልበቱ አንድ አምስተኛው ቀለበቶቹ ላይ በሰበቃ ቢጠፋ የሚወጣው ሙቀት 4 ዋት ነው፤ ያውም ለጥቂት ሰከንድ፣ ያውም ውሃ የሚንጠባጠብበት ክር ላይ። አሁን ወደ ውቅያኖስ እንሂድ። ቱና ፍሬኑ በ10 ኪሎ ተጠብቆበት በሰከንድ 10 ሜትር ክር ቢወስድ በዚያው ስሌት 200 ዋት ይሆናል፤ ሩጫውም በመቶ ሜትሮች ይቆጠራል። ቤት ውስጥ ሬዲዮ የሚጠግን ሰው የሚጠቀምበት የስታኞ መበየጃ ከ40 እስከ 60 ዋት ነው። አራት መበየጃ አንድ ቀለበት ላይ ተደግኖ ክር ቢቀልጥ አይገርምም። ጸሐፊው ያነበቡት ምክር ለዚያኛው ሰው የተጻፈ ይመስለኛል። ሐይቅ ውስጥ ጉልበተኛ ነው የምንለው አምባዛ ነው፤ 50 ኒውተን እየሳበ በሰከንድ 2 ሜትር ቢሄድ 20 ዋት ነው፤ ቶሎም ይደክማል፣ ወይም ሣር ውስጥ ገብቶ ይቆማል። በሐይቅ ዳር ቆይታዬ የቀለጠ ክር አይቼ አላውቅም። ሣር ላይ፣ ድንጋይ ላይ፣ በዓሣው እሾህ ላይ፣ ስንጥቅ ላይ የተበጠሰ ግን ብዙ አይቻለሁ።

አምስተኛው ቶሎ ያልቃል። ታይታኒየም አይዝግም፤ እውነት ነው። ዝገትን እንዲህ የሚያስፈራው ግን ጨው ነው። የባሕር ውሃ ላይ የሚያጠምድ ሰው ታይታኒየም ቢገዛ አልፈርድበትም። ሐይቅና ጎረቤቱ አርዲቦ ግን የጨው ባሕር አይደሉም። ከማይዝግ ብረት የተሠራ እግር በንጹሕ ጨርቅ እየተወለወለ ከተቀመጠ ባለቤቱን ይቀብራል። የሚዝገው ተራ ብረት ላይ ኒኬል ወይም ክሮም የተቀባው ርካሹ ነው፤ እርሱም ዝገቱ የሚጀምረው እግሩ ከዘንጉ ጋር በክር ተጠምጥሞ በኤፖክሲ ሙጫ ከተለበጠበት ሥር ነው። ኤፖክሲው ሥር ቡናማ ጥላ ካዩ አይግዙ። ጸሐፊው ያልጠቀሱትን የታይታኒየም ሙያ እኔ ልጥቀስላቸው፦ ከብረት ይልቅ ቀላል ነው፤ ብረት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 7.9 ግራም ገደማ ሲመዝን እርሱ 4.5 ነው። ሲጎብጥም ተስፈንጥሮ ይመለሳል። ዘንጉን ከማዳበሪያ ጆንያና ከፍየል ጋር ጣሪያ ላይ ጭኖ ለሚሄድ የአገራችን ሰው ይህ ቁም ነገር ነው። የእኔ የብረት እግሮች ሁለት ጊዜ ጎብጠው በጣቴ አቅንቻቸዋለሁ። ሦስተኛውን እንጃ።

ስድስተኛው፣ ቀለበቱ በበዛ ቁጥር ይሻላል የሚለው፣ ግማሹ እውነት ነው። ቀለበት ካነሰ ዘንጉ ሲጎብጥ ክሩ በሁለት ቀለበት መካከል እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ቀጥ ብሎ ይወጠርና ከዘንጉ ይርቃል፤ ሸክሙ በተወሰኑ ቦታዎች ላይ ይከማቻል። ከበዛ ደግሞ ክብደት ይጨምራል፣ በተለይ ጫፉ ላይ። ጫፍ ላይ የተጨመረ ግራም እጀታ ላይ እንደተጨመረ ግራም አይደለም። ቀጭን ዘንግ ጫፉ ሲከብድ ይሰንፋል፤ ሲወረወር ዘግይቶ ይወዛወዛል፤ ቆሮሶ ነካ ሲያደርግ ለእጅ የሚደርሰው መልእክት ይደበዝዛል። ቆሮሶ ደግሞ የሚነካው እንደ ሌባ ነው። የተለመደው ልክ ለአንድ ጫማ፣ ማለትም ለ30 ሴንቲ ሜትር፣ አንድ ቀለበት ያህል ነው፤ ለእኔ 2.1 ሜትር ዘንግ ሰባት ግድም መሆኑ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ አቀማመጡን ማየት ይበጃል። ክር አስገብተው ጓደኛዎ ጫፉን እንዲስብልዎ ያድርጉ። ክሩ የዘንጉን ጉብጠት ተከትሎ ከሄደ ቁጥሩ በቂ ነው። የሆነ ቦታ ላይ ክሩ የዘንጉን ገላ የሚነካ ከሆነ፣ ወይም ቀለበቶቹ ከጎን ሲታዩ አንድ መስመር ላይ ካልተሰለፉ፣ ሲሊከን ካርባይድ ቢሆኑም ይመልሱት።

ጸሐፊው ቢፈቅዱልኝ ሱቅ ውስጥ የማደርገውን ልንገራቸው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ባዘቶውን በየቀለበቱ አሳልፋለሁ፤ ባለሱቁ የቱንም ያህል ቢያፈጥብኝ። ውስጠኛውን ሴራሚክ በአውራ ጣቴ ቀስ አድርጌ ገፋ አደርገዋለሁ፤ ከተነቃነቀ ወይም ከዞረ ዘንጉን አስቀምጣለሁ፣ ሐይቁ ውስጥ ተነቅሎ ሊወድቅ ነውና። የጫፉን ቀለበት ወደ ብርሃን አዙሬ ከውስጥ አየዋለሁ። ስለ ስሙ የምጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜም አልጠይቅም። በሲሊከን ካርባይድና በደኅና አሉሚኒየም ኦክሳይድ መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት ደግሞ ጥሩ ክርና አንድ ሁለት ደርዘን መንጠቆ እገዛበታለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄያቸው። የያዝኩት ዘንግ ያው የአክስቴ ልጅ ያመጣልኝ ነው። የተሰነጠቀውን የጫፍ ቀለበት እንዲለቅ ብዬ በክብሪት ከሥሩ አሙቄ ሙጫው ሲለሰልስ አወጣሁት። በምትኩ አንድ ወዳጄ ከሰበረው አሮጌ ዘንግ ላይ ባዶ የብረት ጫፍ ነቅዬ፣ በብርጭቆ ወረቀት ውስጡን አጽድቼ፣ በሚቀልጥ ሙጫ ተከልኩት። ስለዚህ ዘንጌ ስድስት ስማቸው የማይታወቅ ጥቁር ቀለበቶችና አንድ በእርሳቸው ቋንቋ ቆሻሻ የሆነ ቀለበት አለው። ከዚያ ወዲህ ክር የበጠሰብኝ ሣር ብቻ ነው። ባለሱቁንም ሄጄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ሌላ ጥቅልል ክር ሸጠልኝ።

ለመለዋወጫ ይሆነኛል ብዬ ዘንግ ሲሰበርባችሁ ጫፉን አስቀምጡልኝ ያልኳቸው ወዳጆቼ እስካሁን ሦስት አምጥተውልኛል። ሁለቱ ባዘቶ ይይዛሉ። አንደኛው ሲሊከን ካርባይድ ነው ተብሎ የተሸጠ ነው።